50 ዓመት ዘግይቶ ለደረሰ ስለት፤ ለቲቸር ተማሪዎችና ለረዱን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

በ1960ዎቹ ደሴ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯችሁ፣ እናንተ ዛሬም «ቲቸር»፣ እኛ ደግሞ «አባባ» የምንላቸው የባለቤቴ አባት፣ ባለፈው የካቲት ከእማማ ጋር በደቡብ ሕንድ ወደሚገኙ አራት የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ያደረጉትን ጉዞ በሰላም ፈጽመው፣ በኬረላ ግዛት ፓላካድ ወደሚገኘው ቤታቸው ተመልሰዋል። ወሬውን ብዙዎቻችሁ በስልክ ሰምታችሁታል። ይሁንና ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ያማከራችሁና በእኩለ ሌሊት ስልክ ያነሳችሁልን ሰዎች በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በዱባይ ተበትናችሁ ስለምትኖሩ፣ የሆነውን ሁሉ በወጉ ጽፌ ማመስገን እንዳለብኝ ተሰማኝ። ባለቤቴ አማርኛ እንደ ደሴ ልጅ ቢናገርም መጻፉ ስለሚያዳግተው፣ ብዕሩን ለእኔ አሳልፎ ሰጥቶኛል።

የነገሩ መነሻ ስለት ነው። በ1968 ዓ.ም. ባለቤቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ደሴ ላይ በታይፎይድ ታሞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፣ እማማ ልጃቸው ከዳነላቸው ፓላኒ ተራራ ላይ ወዳለው፣ ሙሩጋን የተባለው የሂንዱ አምላክ ወደሚመለክበት ቤተ መቅደስ ወስደው ፀጉሩን ሊያስላጩ፣ ያንንም አባባ በተገኙበት ሊፈጽሙ ተሳሉ። ቁልቢ ወይም ግሸን ስለት ያለበት ሰው የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የእኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ ዳነ፤ ቤተሰቡ በ1974 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ስለቱ ግን «በሚቀጥለው ዕረፍት» እየተባለ ከዓመት ወደ ዓመት ተሻገረ። አባባ ለስለት ብዙም ቦታ የማይሰጡ የፊዚክስ ሰው መሆናቸው ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት እንደነበረ ራሳቸውም አይክዱም። ዛሬ አባባ 85 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ስኳርም አለባቸው። እማማ 78 ዓመት ሞልቷቸው፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ነገር መርሳት ጀምረዋል። የጎረቤቶቻቸው ስም ሲጠፋባቸው፣ ምሳ መብላታቸውን ሲዘነጉ፣ ያልረሱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ስለት ነበር።

እቅዱን ስናወጣ መጀመሪያ የተከራከርነው ስለ ወሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ሳባሪማላ ወደተባለው የኬረላ የተራራ ቤተ መቅደስ የሚጓዙ ተሳላሚዎች፣ አራቱ ቤተ መቅደሶቻችን ወደሚገኙባቸው ከተሞች፣ ወደ ጉሩቫዩር፣ ወደ ፓላኒ፣ ወደ ማዱራይና ወደ ራሜሽዋራም ስለሚጎርፉ ሰልፉ ለሽማግሌ የሚቻል አይደለም። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ አይቀመስም፤ በክረምቱ አጋማሽ ደግሞ ፓላኒ ላይ ተራራ የሚያወጣው የገመድ መኪና ብዙውን ጊዜ ለዓመታዊ ጥገና ይዘጋል። ስለዚህ ታይፑሳምና ማሃ ሺቫራትሪ የተባሉት በዓላት ካለፉ በኋላ ያለችውን ጠባብ ጊዜ መረጥን። እኔን ጊዜዋ ዐቢይ ጾም ላይ ጣለችኝ፤ በየቤተ መቅደሱ ከተማ ያለው ምግብ ሥጋ የሌለበት ቢሆንም ቅቤና እርጎ የማይነካው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ጉዞውን ኢድሊ በተባለው የሩዝ ቂጣና ሳምባር በተባለው የምስር ወጥ እንደገፋሁት በዚህ አጋጣሚ ብጠቅስ አይከፋኝም።

ከእናንተ የተላከው ገንዘብ ዊልቸር የሚያስገባ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ለዘጠኝ ቀን ለመከራየትና አንዲት አስታማሚ ለመቅጠር ውሏል። ከገንዘቡ እኩል የጠቀመን ግን ምክራችሁ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁት የሕንፃ መሐንዲስ «ሆቴሉን ይመቻል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር በሜትር ለክተው ፎቶውን ይላኩላችሁ» ባትሉን ኖሮ፣ ዊልቸሩ በማይገባባቸው ክፍሎች ሁለት ሌሊት እናድር ነበር። የቀኑንም አካሄድ የወሰነልን የቤተ መቅደሶቹ ልማድ ነው፤ አብዛኞቹ ከቀትር ጀምሮ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚዘጉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ገብቶ ማለዳ መውጣት፣ ቀትሩን መተኛት፣ በቀን ከአንድ ቤተ መቅደስ በላይ አለማሰብ። ጫማ ስለማይገባ ተሳላሚው ሁሉ ባዶ እግሩን ነው፤ የድንጋዩ ወለል ደግሞ ረፋድ ላይ ይፋጃል። አባባ በስኳሩ ምክንያት የእግራቸው መዳፍ ሙቀት ስለማይሰማው፣ ወፍራም የጥጥ ካልሲ አድርገንላቸው፣ በየማታው በባትሪ ብርሃን መዳፋቸውን፣ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር፣ እያየሁ ነበር የምተኛው።

ስቶክሆልም የምትኖሪው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተማሪያቸው፣ ለአንቺ የተለየ ምስጋና አለኝ። እኛ ሁላችን አባባን «የት ያምዎታል?» እያልን ስናደክማቸው፣ አንቺ በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ «ቲቸር፣ ከጉዞው ውስጥ በራስዎ እግር ሊያደርጉት የሚፈልጉት የትኛውን ነው?» ብለሽ ጠየቅሻቸው። ጥቂት አስበው «ፓላኒ ላይ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች መውጣትና ከመቅደሱ ፊት ቆሞ መታየት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቅዱ ተገለበጠ፤ ሌላው መንገድ ሁሉ በዊልቸር እየታለፈ ጉልበታቸው ለእነዚያ ደረጃዎች ተቆጠበ። ለአራት ወር ያህል በየጠዋቱ ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ ይነሱ ነበር፤ ሲሰለቻቸው «የቤት ሥራ የሰጠኋት ልጅ ዛሬ በተራዋ ትቀጣኛለች» እያሉ።

ጉሩቫዩር በሽማግሌዎች ሰልፍ ገብተው ያለ ችግር ወጡ። ከዚያ ቀጥሎ ባረፍንበት ከተማ ግን፣ ሊፍት እንዳለው በጽሑፍ ያረጋገጠልን ሆቴል ሊፍቱ የሚጀምረው ሰባት የድንጋይ ደረጃ ከተወጣ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ዋሽተውናል ማለት አልችልም፤ ሊፍት አላቸው። የሆቴሉ ልጆች በቅንነት አራት ሆነው አባባን ከነዊልቸሩ ሊያነሱ ሲሰለፉ፣ አባባ ፊታቸውን አጥቁረው «እኔ ሻንጣ አይደለሁም» አሉ። ያን ጊዜ ሹፌራችን ምንም ሳይናገር ከመቀመጫው ሥር አንዲት የእንጨት መርገጫ አወጣ። የሚኒባሱ መውጫ ለእማማ ከፍ እንደሚልባቸው በመጀመሪያው ቀን አይቶ፣ በዚያው ማታ ሚስማር መትቶ የሠራት፣ ከላይዋ እንዳታንሸራትት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ የተለበደባት ናት። አባባ ክንዱን ይዘው አራት ደረጃ ወጡ፤ አራተኛው ላይ መርገጫዋን አስቀመጠላቸውና ተቀምጠው አረፉባት፤ ከዚያ ሦስቱን ጨረሱ። አማርኛ የማያነበው ይህ ሰው ምስጋናዬ እንዲደርሰው፣ ባለቤቴ ይህን አንቀጽ በታሚልኛ አንብቦለታል።

ፓላኒ ላይ ተራራውን በእግር ለሚወጣ ከ600 በላይ ደረጃዎች አሉ፤ ለማይችል በፈረንጆቹ 1966 የተጀመረው፣ በብረት ገመድ ሽቅብ የሚጎተት የሐዲድ ሠረገላ፣ እንዲሁም ከ2004 ጀምሮ የገመድ መኪናው አለ። እኛ በገመድ መኪናው ልንወጣ ብንመጣም ነፋስ ስለበረታ ቆሞ ነበር፤ ወደ ሐዲዱ ሠረገላ ስንዞር ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ወጥቷል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበሩ፣ ቢጫና አረንጓዴ የለበሱ የማናውቃቸው ሰዎች፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሲያዩ አንዱ ለአንዱ እየነገረ እንደ ውሃ ለሁለት ተከፍለው አሳለፉን። ስማቸውን አላውቅም፣ ዳግምም አላገኛቸውም። ከመውጣታችን በፊት ባለቤቴ በ54 ዓመቱ ከተራራው ግርጌ ተቀምጦ ተላጨ። እማማ በውሃ የተለወሰውን የሰንደል እንጨት ዱቄት ከትንሽ ሳህን በሦስት ጣት እየጠለቁ፣ ከግንባሩ ጀምረው እስከ ማጅራቱ፣ ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጉድጓድ እንኳ ሳይዘሉ፣ ለሕፃን እንደሚቀባ ቀቡት። አስታማሚዋም ሹፌሩም እኔም ዝም ብለን አየን።

ላይኛው ጣቢያ ከደረስን በኋላ አባባ ዊልቸሩን አስቁመው ተነሱ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው በቤተ መቅደሱ ካለው የሰንደቅ ምሰሶ ስለማያልፍ እኔ ያየሁት እስከዚያው ድረስ ነው፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ እግር እያገጣጠሙ ወጡ። መከልከሌን አንዳንዶቻችሁ አዝናችሁልኝ ጠይቃችሁኛል፤ እኔ ግን ቄስና ዲያቆን ካልሆነ መቅደስ የማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ከደጅ መቆምን እንደ ነውር አልቆጠርሁትም።

እንዲያውም ማዱራይ ላይ ያዳነን ይኸው ከውጭ መቅረቴ ነው። ማዱራይ ባለችበት በታሚል ናዱ ግዛት፣ በትላልቅ ቤተ መቅደሶች ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በሚናክሺ ቤተ መቅደስ እኔ ከወርቃማው ሎተስ ኩሬ ዳር፣ ከምሰሶዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጬ ልጠብቅ፣ እነሱ ወደ ውስጥ ገቡ። አስታማሚዋ የአባባን ዊልቸር ስታዞር፣ ባለቤቴ የሰልፉን ትኬት ሲያሳይ፣ በዚያች ቅጽበት እማማ ከሕዝቡ ጋር ነጎዱ። ባለቤቴ ስልክ ስለሌለው ሊደውልልኝ አልቻለም፤ እኔም ምንም ሳላውቅ ተቀምጫለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ፣ የኮሪደሩን ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴት፣ መጥረጊያዋን በብብቷ ይዛ፣ በሌላ እጇ እማማን እየመራች ወደ እኔ መጣች። ለካ እማማ የልጃቸውን ስልክ ቁጥርም፣ የሆቴላችንንም ስም ረስተው፣ «ሐበሻዋ ምራቴ ውሃ ዳር ተቀምጣለች» የሚለውን ብቻ ደጋግመው ነግረዋታል። በሺህ ከሚቆጠረው ሕዝብ መካከል ከቦታዋ የማትነቃነቅ አንዲት ሐበሻ ማግኘት ለጠራጊዋ አላስቸገራትም። ገንዘብ ልሰጣት ብሞክር እጄን መለሰችው፤ ከፀጉሯ የጃስሚን ጉንጉን ቆርሳ ለእማማ ሰክታላቸው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባለቤቴ ሰውነቱ በላብ ርሶ ሲደርስ ሁለታችን ውሃ እየጠጣን ነበር። ያን ቀን ማታ ለሁሉም የልብሳቸው ጫፍ ላይ ስምና ስልክ የተጻፈበት ጨርቅ ሰፋሁላቸው፤ ከጉዞው በፊት መደረግ የነበረበት ነገር ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከማዱራይ ራሜሽዋራም ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደሴቲቱን ከየብስ በሚያገናኘው በፓምባን ድልድይ ላይ ስናልፍ ሁለቱም ተኝተው ነበር፤ አባባ ሳንቀሰቅሳቸው በመቅረታችን እስከ ዛሬ ይወቅሱናል። ተሳላሚ በዚያ በመጀመሪያ በባሕሩ ዳር፣ ቀጥሎም በቤተ መቅደሱ ግቢ ባሉት 22 ጉድጓዶች ውሃ ይጠመቃል። በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ወለል ሁልጊዜ ውሃ ስለሆነ ለወጣትም ያንሸራትታል። ባሕሩ ዳር የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠን እግራቸውን ብቻ ነከርን። ጉድጓዱ ጋ ውሃ የሚቀዳው ጎልማሳ፣ ባለቤቴ እንደነገረኝ፣ በሌሎቹ ላይ ባልዲውን እየገለበጠ ቆይቶ አባባ ዘንድ ሲደርስ አጎንብሶ በእፍኙ ብቻ አናታቸው ላይ ጠብ አደረገላቸው። ከዚያ ከ1,200 በላይ ምሰሶዎች ባሉት ረጅሙ ኮሪደር ዊልቸሩ ያለ እንቅፋት ተንከባለለ፤ አባባም ቀስ ብላችሁ ግፉኝ ብለው ምሰሶ ሲቆጥሩ፣ 200 አካባቢ ተሳስተው ተዉት።

የወጪውን ዝርዝር ገንዘቡን ለሰበሰበው ወንድማችን ልኬለታለሁ። የተረፈው፣ እንደተስማማችሁት፣ ለአስታማሚዋ የሁለት ወር ደመወዝ ሆኖ በቤት እንድትቀጥል ተደርጓል። ዊልቸሩ ከእነሱ ዘንድ አለ። መርገጫዋን ሹፌሩ ትቶላቸው ሄዷል፤ እማማ ደጃፍ ላይ አኑረዋት አበባ ሲያጠጡ ይቀመጡባታል።

እኛ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ እማማ በየማለዳው ይደውላሉ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «ፓላኒ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል ነው። ባለቤቴ ቆቡን ያወልቅና ራሱን ወደ ስልኩ ካሜራ ያዘነብላል። እማማ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ አባባንም ይጠራሉ። አሁን ፀጉሩ ማደግ ጀምሯል፤ ባለቤቴ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ፀጉር ቤት እየሄደ ይላጨዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቲቸር ምራት፣ ከአዲስ አበባ