የብድሩ ሙሉ ዋጋ «እስማማለሁ» ከመባሉ በፊት ይታይ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አበዳሪዎች ወለድና ክፍያ የሚገልጹበትን መንገድ ይመለከታል

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ገንዘብ ተስፋፍቶ፣ ያለ ዋስና ያለ ማስያዣ በስልክ መበደርም ተለምዷል። ብድሩን አንቃወምም፤ የአራጣ አበዳሪ ደጅ ከመጥናት ይሻላል። የምንቃወመው ዋጋው የሚነገርበትን መንገድ ነው።

አንድ ሰው 5,000 ብር ለ30 ቀን ተበደረ እንበል። 8 በመቶ «የአገልግሎት ክፍያ» አስቀድሞ ሲቆረጥበት እጁ የሚገባው 4,600 ብር ነው፤ የሚመልሰው ግን 5,000። 400 ብሩ ለ4,600 ሲካፈል በወር 8.7 በመቶ ይመጣል፤ በዓመት ሲሰላ ከ104 በመቶ ያልፋል። 8 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን ባንኮች በዓመት ከሚጠሩት ወለድ አጠገብ ሲቀመጥ ርካሽ ይመስላል። ዕዳውን በቀኑ ከፍሎ በማግስቱ ያንኑ የሚበደር ቸርቻሪ በ12 ወር 4,800 ብር ለክፍያ ብቻ ያወጣል፤ ይህ በአንድ ጊዜ እጁ ከሚገባው ብድር ይበልጣል።

በየወሩ የሚከፈል ብድር ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። 60,000 ብር ለ12 ወር በ«15 በመቶ» የተበደረ ሰው፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ገንዘብ ላይ ከታሰበ 9,000 ብር ወለድ ይከፍላል፤ ወርኃዊ ክፍያው 5,750 ብር ይሆናል። በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ ወለዱ 5,000 ብር ገደማ ነበር። ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ በየወሩ እየመለሰ፣ ለመለሰውም ጭምር ወለድ ይከፍላል ማለት ነው፤ 15 የተባለው በተግባር 27 ይጠጋል። በስድስተኛው ወር አጠቃልሎ ቢከፍል እንኳ የቀሪው ጊዜ ወለድ ካልተነሳለት ምንም አያተርፍም።

የባንኩ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ወጥቷል። ሥራ ላይ መዋሉ ግን መታየት ያለበት ተበዳሪው ጣቱን በሚያሳርፍበት ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም አበዳሪ ከማረጋገጫው ቁልፍ በፊት እጅ የሚገባውን ብር፣ በጠቅላላ የሚመለሰውን ብር፣ የመክፈያውን ቀን፣ የአንድ ቀን መዘግየት ቅጣትን በብር፣ እንዲሁም እጅ በገባው ገንዘብ ላይ የተሰላውን ዓመታዊ ዋጋ እንዲያሳይ ይደረግ። ቀመሩን ባንኩ ራሱ ያውጣ፤ ለአበዳሪዎች ከተተወ እያንዳንዱ የሚያሳምርለትን ይመርጣል። መረጃው ተበዳሪው በመረጠው የአገር ውስጥ ቋንቋ ይቅረብ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በድምፅ ይነገር።

ቅጣትም ጣሪያ ያስፈልገዋል፦ ተደማምሮ ከዋናው ገንዘብ መብለጥ የለበትም። ላለፈ ዕዳ ከሞባይል ሒሳብ ላይ በራሱ የሚቆረጥ ገንዘብም ገደብ ይበጅለት። ዘመድ ለመድኃኒት የላከው ብር እንደገባ ሙሉ በሙሉ ለዕዳ ከተወሰደ፣ ሰውዬው መድኃኒቱን ለመግዛት ሌላ ብድር ይከፍታል።

ከሠላምታ ጋር
በብድር ሒሳብ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች