ዳኛው ዘንድ ለመድረስ ግማሹን ክፈል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአሜሪካ መንግሥት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከግብር ነፃ የመሆን መብት ለመንጠቅ ስላለው ሥልጣን ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት አራት ኪሎ ቡና እየጠጣሁ ነው። አብሮኝ የነበረው ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ጋሼ፣ የእነሱ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» አለኝ። ሒሳብ ከፍለን ወጣን እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። መልሴ ይህ ደብዳቤ ነው።

በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግለው አነስተኛ ማኅበር ለሕፃናት የሚያቀርበው ምሳ በከፊል የሚሸፈነው አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገበ ድርጅት በሚላክ ገንዘብ ነው። እዚያ የሚለግሱት ሰዎች የሰጡት ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ ይቀነስላቸዋል። ድርጅቱ መብቱን ያጣ ዕለት ብዙዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የእኛም ምድጃ ይቀዘቅዛል።

በኅዳር 2017 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ219 ለ184 ድምፅ ያሳለፈው ረቂቅ፣ የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር አንድን ድርጅት «ሽብር ደጋፊ» ብሎ በመሰየም መብቱን እንዲነጥቅ የሚፈቅድ ነበር። ድርጅቱ 90 ቀን ይሰጠዋል፤ የተከሰሰበትን ማስረጃ ሁሉ ማየቱ ግን ዋስትና የለውም። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን መብት እንደሚነጥቁ በአደባባይ ተናገሩ። እኔን ያስገረመኝ ዛቻው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕጋቸው ነው። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትላቸውም ሆኑ የጽሕፈት ቤታቸው ሰዎች የግብር መሥሪያ ቤቱን «እገሌን መርምርልኝ» እንዳይሉ ይከለክላል። የሚከበርበትና የማይከበርበት ቀን ይኖራል፤ ቢያንስ ግን ተጽፏል።

በዚያው ኅዳር እዚህ አዲስ አበባ ጥቂት የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መታገዳቸውን አንባቢ አይረሳም። እገዳ ዜና ይሆናል፤ ኤምባሲው ይጠይቃል፣ ጋዜጣው ይጽፋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ለታገደ ድርጅት እስከ ፍርድ ቤት የሚያደርስ መንገድ አበጅቶለታል። የግብር ውሳኔ ግን የሚመጣው በፖስታ ታሽጎ ነው። ማንም ሳይሰማ ማኅበርን ያዘጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የግብር ቢሮ እንዲህ ያለ ውሳኔ ወደ እኛ ላከ። እናቶች ጠልፈው በባዛር የሸጡት የትራስ ልብስ ነበር ምክንያቱ። ለዚያ ሽያጭ ግብር እንክፈል ቢባል አልከራከርም ነበር፤ ለብቻው መዝግበነዋል። ኦዲተሩ ግን የዓመቱን ልገሳ በሙሉ ከሽያጩ ጋር ደምሮ፣ ወለድና ቅጣት ጨምሮ ወደ 300 ሺህ ብር አደረሰው። ቅሬታ አቀረብን፤ እዚያው ቢሮ ውስጥ ውድቅ ሆነ። የግብር ክርክር ወደሚዳኘው የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ልንሄድ ስንነሳ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከፊታችን ቆመ፦ ክርክር ካስነሳው ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ያልከፈለ ሰው ይግባኙ እንደቀረበ አይቆጠርለትም።

ነጋዴ ከሆነ ዕቃ ሸጦም ተበድሮም ይከፍላል። እኛስ? ከለጋሽ ጋር የተፈራረምነው ውል እያንዳንዱን ብር በበጀት መደብ አስሮ ይሰጠናል፤ ለምግብ የመጣው ለምግብ፣ ለደብተር የመጣው ለደብተር። «ለአከራካሪ ግብር» የሚል መደብ የለም። ከምግቡ አንስተን ብንከፍል ውል አፍርሰን ከለጋሽ ጋር እንጣላለን፤ ባንከፍል ዳኛ አናይም። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል ተረቱ፤ ዳኛው እንዲገኝ ግማሹን ክፈል ግን አይልም። በመጨረሻ የቦርድ አባላቱ ከኪሳቸው አዋጡ፤ አንዲት ጡረተኛ መምህርት የእቁብ ዕጣቸውን ይዘው መጡ። በኋላ ውሳኔው ተሻረልን። እስከዚያው ግን ልጆቹ ከሰዓት በኋላ የሚጠጡትን ወተት የሚገዙልን እነዚሁ የቦርድ አባላት ስለነበሩ ወተቱ ቆመ።

በበጎ አድራጎት ስም የሚነግድ የለም አልልም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና የሰርግ አጀብ ሲያደምቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ይመርምሩት፣ መብቱንም ይንጠቁት። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ይህ ገንዘብ ግብር ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ክርክር ላይ እያለ ከበጎ አድራጎት ድርጅት 50 በመቶው አይጠየቅ። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ሹም ደግሞ አንድን ድርጅት በስም ጠርቶ ኦዲት እንዳያስደርግ፣ ካስደረገም እንዲጠየቅ በሕግ ይጻፍ። ምክር ቤቱ ከቢሮአችን የእግር መንገድ ነው፤ ጉዳዩን የሚያይ ቋሚ ኮሚቴ ካለ የከፈልንበትን ደረሰኝና የውሳኔውን ግልባጭ ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

የአንድ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ