ለጥናት ቡድናችን አባላት፦ የቅዳሜው ውይይት በኦንጎታ ሰዋስው ላይ ነው

የተከበራችሁ አባላት፣

ቅዳሜ የምንወያየው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር በሚነገረው የኦንጎታ ቋንቋ ላይ ነው። ማኅበረሰቡ ወደ ጎረቤቶቹ የጻማይ ሰዎች ቋንቋ፣ ወደ ጻማይኛ፣ ስላዘነበለ ቋንቋውን የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው። እጅግ የሚያስደንቀው ግሱ ነው፤ ያለፈውን ጊዜ ካላለፈው የሚለየው በቅጥያ ሳይሆን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ስለዚህ ድምፀቱን ሳንመዘግብ የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ጊዜው አይታወቅም። የቋንቋው ዝምድናም እስካሁን ያከራክራል፤ ከፊሎቹ አጥኚዎች እንደ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ካሉት ከኩሻዊ ቋንቋዎች ይመድቡታል፣ ሌሎች አማርኛንም ኩሻዊንም በሚያቅፈው በአፍሮ እስያዊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው ይላሉ። ለእኔ የመጀመሪያው ሚዛን ይደፋል።

የዕፅዋትና የእንስሳት አጥኚዎች እንዳትቀሩ አደራ! በዓሣ፣ በአደንና በማር የኖረን ሕዝብ ቃላት ያለ እናንተ በትክክል መፍታት አንችልም። የድምፅ ቅጂ የምታመጡ የተናጋሪዎቹን ፈቃድ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።