የፖፒ አበባው ደረቀ ብላችሁ እንዳትነቅሉት

ሰላም የሚኒሶታ አትክልተኞች፣

ሰሞኑን «ፖፒዬ ሞተ» የምትሉ በዝታችኋል። አልሞተም፣ ተኝቷል። ኦሪየንታል ፖፒ የካውካሰስ፣ የቱርክና የሰሜን ኢራን ተራራ ልጅ ነው። ጁን ላይ አብቦ፣ ሙቀቱ ሲከር ቅጠሉ ይደርቃል። ሥሩ ግን ደህና ነው፤ ሴፕቴምበር አካባቢ እንደገና ያቆጠቁጣል።

የደረቀውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ። ውኃ አታብዙበት። የእኛን በረዶ ይችላል፣ ውኃ የሚያቁር አፈር ግን ያበሰብሰዋል።

ቦታ መቀየር የምትፈልጉ ጊዜው አሁን፣ ኦገስት ነው። ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ በደንብ ቆፍሩ። የተበጠሰውን አትጣሉት፤ የእርሳስ ያህል የወፈረ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ትርፍ ያላችሁ ለሌላው አካፍሉ።

ባዶ የሚቀረው ቦታ ካስጠላችሁ ዘግይቶ የሚያድግ አበባ ከጎኑ ትከሉ። እና አዎ፣ ኦፒየም የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚወጣው ከዚህ ሳይሆን ከሌላው ዓይነት ፖፒ ነው፤ ጎረቤት ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ።