ደብዳቤ ለልጄ፦ ኬፕ ሜይ በመስከረም

ልጄ፣

«አባዬ፣ ልጆቹን የትኛው ባሕር ልውሰዳቸው?» ስትዪኝ «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም ነበር። በስልክ ሳወራ ግን ግማሹን እረሳለሁ፣ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ኬፕ ሜይ ውሰጃቸው። የኒው ጀርሲ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሐበሻው ሁሉ ኦሽን ሲቲ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኛም ሄደናል፤ ግማሽ ቀን መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ዋልን።

ደግሞ በሰመር አትሂጂ። መስከረም እስኪጠባ ታገሺ። ከሌበር ደይ፣ ከአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ በኋላ ሰዉ ይበተናል፣ የክፍሉም ዋጋ ይወርዳል፣ ውኃው ግን ገና አልቀዘቀዘም። በሰመር አሸዋው ላይ ለመቀመጥ እንኳ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ባጅ መግዛት አለበት። እናትሽ ይህን የሰማች ቀን «ለአሸዋ?» ብላ እስክትደክም ሳቀች። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በመስከረም የዋና ጠባቂዎቹ ይቀንሳሉ፣ ማዕበሉ ደግሞ እዚያው ዳር መጥቶ ነው የሚፈርሰው። ትንሹን እጁን እንዳትለቂው።

በመኪና ዙሪያውን አትንጂ። ያን እናትሽ ዓይኗን ጨፍና የምትሻገረውን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ እለፊና ደላዌር ውስጥ ሉዊስ የምትባል ከተማ ግቢ። ከዚያ መኪናሽን ፌሪው ላይ ጫኚው። ባሕረ ሰላጤውን ለመሻገር 85 ደቂቃ ይፈጃል። ቦታ ቀድመሽ ያዢ። ልጆቹን ላይኛው ፎቅ ላይ አውጪያቸው፤ ዕድል ከቀናችሁ ዶልፊን ታያላችሁ። እኛ ሁለት ጊዜ ሄደን አንዴ አየን፤ እናትሽ ግን ሁለቱንም ጊዜ አይቻለሁ ትላለች።

ክፍል ስትይዢ ፎቶ አትመኚ። የኛው «ባሕር ያሳያል» ይል ነበር። ያሳያል፣ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ጋ ቆመሽ አንገትሽን ካሰገግሽ።

ከተማዋን በእግር እዩዋት። በ1878 ትልቅ እሳት መሐሏን በላው። መልሰው ሲሠሩ እንጨቱን እንደ ዳንቴል ፈልፍለው፣ በረንዳውን ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ቀብተው ሠሩት። ትልቋ ሥዕል ስለምትወድ ደብተሯን ትያዝ። ላፋየት መንገድ ላይ የሃሪየት ተብማን ሙዚየም አለ። ትንሽ ነው፣ አትለፉት። ሴትየዋ ከባርነት ካመለጠች በኋላ በ1850ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ሆቴል ውስጥ በወጥ ቤትነት ሠርታለች። ያጠራቀመችው ገንዘብ ሌሎቹን ለማስመለጥ ነበር። የተወለደችውም ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግረሽ በምታገኚው አገር ነው። ሰው በሚዝናናበት ቦታ ድስት ጥዶ ብር መቋጠር ምን እንደሆነ እኔና እናትሽ እናውቀዋለን፤ ያም ሆኖ ከእሷ ጋር ራሴን አላወዳድርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ለምን መስከረም እንዳልኩሽ።

ጫፉ ላይ ኬፕ ሜይ ፖይንት የሚባል ፓርክ አለ፣ መግቢያው በነፃ ነው። በ1859 የተሠራ የመብራት ማማ አለበት። 199 ደረጃ ነው። ልጆቹ ይሮጡበታል፤ እኔ መሐል ላይ አረፍ ብዬ ጉልበቴን አሸሁ። ከማማው አጠገብ ሰዎች በረንዳ በሚመስል መድረክ ላይ ቆመው በባይኖኩላር ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጭልፊት ነው የሚቆጥሩት! ወፎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ መሬቱ እዚህ ያልቅባቸዋል። ፊት ለፊታቸው ያ በፌሪ የተሻገራችሁት ውኃ ነው። ብዙዎቹ ስለሚፈሩት ነፋሱ እስኪመቻቸው ይሰበሰባሉ።

ቢራቢሮዎቹም እንደዚያው። ሞናርክ ይባላሉ፤ ብርቱካንማ ናቸው፣ ጥቁር መስመር አላቸው። ሜክሲኮ ድረስ ነው መንገዳቸው። አንድ ቀን ማለዳ ቁጥቋጦው ላይ ቅጠል መስለውኝ ቀረብ ስል ሁሉም ብድግ አሉ። እናትሽ ዝም ብላ ቆየችና «የመስቀል ወፍ ትዝ አለኝ» አለች። አደይ ሲፈነዳ መጥታ ከዚያ የምትጠፋውን ማለቷ ነው። ለልጆቹ የመስቀል ወፍን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እሺ አያቴ» ብለው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። እዚያ ብትነግሪያቸው ግን ይገባቸዋል ብዬ ነው።

ቢራቢሮ ሁልጊዜ አይገኝም፣ እንደ ነፋሱ ነው። ካጣችሁ አትናደጂ፣ ሁለት ቀን ቆዩ።

ማታ ሰንሴት ቢች ሂዱ። ፀሐይ ውኃው ላይ ስትጠልቅ ታያላችሁ፤ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ሆኖ ይህን ማየት ብርቅ ነው። ከዳርቻው ትንሽ ገባ ብሎ የመርከብ ስብርባሪ ውኃው ውስጥ ይታያል፣ አትላንተስ ይባላል። ከኮንክሪት የተሠራ መርከብ ነው። አዎ፣ ከሲሚንቶ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ስላጠረ ነው። በ1926 ማዕበል ገፍቶ እዚያው ቀረቀረው፣ ዓመት በዓመት እየሰመጠ ነው። ከዓመት ዓመት የሚታየው ስለሚያንስ ቶሎ አሳዪያቸው።

ምሳ ከቤት ቋጥሪ። እኔ ፍርፍር ይዤ ነበር፤ አንድ የባሕር ወፍ ከእጄ ላይ ጉርሻዬን ነጥቆኝ ሄደ። በርበሬው ምን እንዳደረገው አላውቅም።

የመርከቡ ፊት ለፊት ያለው ዳርቻ ጠጠር ነው። ከጠጠሩ መሐል መስታወት የሚመስሉ ነጭ ድንጋዮች አሉ፤ የኬፕ ሜይ አልማዝ ይሏቸዋል። የደላዌር ወንዝ ከላይ እያንከባለለ ያመጣው ኳርትዝ ነው። እናትሽ አንዷን ለቅማ ታክሲዬ ውስጥ፣ ሳንቲም የማስቀምጥበት ላይ አኑራልኝ ነበር። መኪናውን ስሸጥ አብራ ሄደች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በዚያችው መጠን አንድ አምጪልኝ። ባቄላ ታክላለች።

አባትሽ