ለአባባ ሙት ዓመት፣ ለእኅቴ የተጻፈ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በሙት ዓመቱ ዕለት ከጸሎቱ በኋላ የሚነበበውን የአባባን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ያዘዝሽኝን በሌላ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው፤ ትውልዳቸው፣ የተማሩበት ደብርና የልጆቻቸው ስም በዚያ ይገባል። በጉባኤ ፊት የማይነበበውን፣ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥብኝን ለአንቺ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አባባን አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በማኅሌት ነው። የማኅሌቱ ትምህርት የሆነው አቋቋም በሚመሰከርባት በጎንደር በአታ ሲማሩ ቆይተው፣ አያታችን ሲሞቱ ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ ስለ ጠፋ ለመሪጌታነት ሳይበቁ ወደ ልብስ ስፌት እንደ ገቡ ታውቂያለሽ። ይህን ሲያወሩ ግን አንድም ቀን ቁጭት ሰምቼባቸው አላውቅም። ቅዳሜ ገበያ በነበረችው በረንዳቸው፣ የሲንጀሯን መርገጫ እየረገጡ፣ በዚያ ሁሉ የሻጭና የገዢ ጫጫታ መካከል የሳምንቱን ዜማ በለሆሳስ ይሉ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ዜማውን ገታ አድርገው ይለካሉ፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በተለይ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ፣ ቅዳሜ ማታ ጋቢያቸውን ለብሰው መቋሚያቸውን ይዘው እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ወደ ቁስቋም ይወጡና ሌሊቱን በማኅሌት፣ ጠዋቱን በቅዳሴ ቆመው ይመለሳሉ። ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ እንኳ፣ ቁርስ እንደ ቀመሱ ደብተሮቻችንን ያስመጡና አንድ በአንድ ይገልጡ ነበር። እንግሊዝኛውን ስለማያነቡት የሚከተሉት የመምህሩን ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ የኤክስ ምልክት ያገኙ እንደሆነ ጣታቸውን አሳርፈውበት፣ «ይህችኛዋ መስቀል ግን የበረከት አትመስለኝም» ይሉን ነበር። አንቺ ስምንተኛ ክፍል ስትደርሺ ሽማግሌ የላከውን ሰውስ ታስታውሺያለሽ? «ባሉን እግዚአብሔር በጊዜው ያመጣዋል፤ ትምህርቱን ግን እኔ ካልሰጠኋት ማን ይሰጣታል?» ብለው በትሕትና ሸኟቸው። ዛሬ አስተማሪ ሆነሽ ስትታዪ ሰው ሁሉ ተገቢ ነው ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ከዘመድ ወገን እንኳ ያኮረፋቸው ነበር።

እማዬ የነገረችኝን ደግሞ እኔ አልደረስሁበትም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር ጎንደርን ባስጨነቃት ጊዜ፣ የሰዓት እላፊው ሳይደርስባቸው ገና በጊዜ ቤተ ክርስቲያን ይገቡና እስኪነጋ እዚያው ይቆዩ ነበር አሉ። እርሳቸው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ዝም ነው የሚሉት። የሚወዱት ታሪክ ሌላ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስደው በጣራው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች እያሳዩን፣ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል የንብ መንጋ ወጥቶ ያችን ደብር እንዳዳናት አባቶች የሚተርኩትን ይነግሩን ነበር።

ከሁሉ አብልጦ በልቤ የቀረው የቆሎ ተማሪዎቹ ነገር ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ከአጥር ውጭ ቁራሽ መስጠትን አይወዱም ነበር፤ ልጁ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እኛ ከምንበላው ከሞሶቡ እንዲቆረስለት ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ውሻ ደበሎውን የቀደደበት፣ ከእኔ የማይበልጥ ልጅ እያለቀሰ ገባ። አባባ ደበሎውን ተቀብለው ገለባበጡት፤ የሲንጀሯ መርፌ ቆዳውን እንደማይበሳ ዐይተው በወስፌ እየወጉ በወፍራም ክር ሰፉለት፤ ልጁም አኩፋዳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሽሮውን እየበላ ጠበቃቸው። ስፌቱ ሲያልቅ ያን ዕለት የተማረውን እንዲያሰማቸው ጠየቁት፤ ሲሳሳትም አላረሙትም፤ እስኪጨርስ ሰምተው «ደግ ነው፣ በርታ» ብቻ አሉት።

ለራሳቸው ጥብቅ፣ ለሌላው ግን እንዲህ ገር ነበሩ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥሬ የማይቀምሱ ሰው፣ እኔ ከዚህ ስደውልላቸው የሌሊት ሥራ ላይ መሆኔን ሲሰሙ፣ «የሠራተኛ ጾም በአቅሙ ነው፤ ታመህ እናትህን እንዳታስለቅስ» ነበር የሚሉኝ። በዚህ አገር በተከራየነው አዳራሽ ስናስቀድስ ያልጾመውን የሚገረምም ሰው አይቼ አባባን የማላስብበት ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልምጣ። ዘመዶች ድንኳን ተጥሎ፣ ሰንጋ ታርዶ፣ አገሩ ሁሉ ተጠርቶ ሙት ዓመቱ በድግስ ይዋል ማለታቸውን ነግረሽኛል። ፍቅራቸውን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ አባባ ለተዝካር ብለው ዕዳ ውስጥ ስለገቡ ሰዎች ሲነሣ እንዴት ያዝኑ እንደ ነበር አንቺም ሰምተሻል። እኔ የምልከው ገንዘብ ለጸሎተ ፍትሐቱ፣ ለካህናቱና ለነዳያን ምሳ ከበቃ፣ የቀረው በበአታ ላሉት የአቋቋም ተማሪዎች ለክረምቱ ጋቢና እህል ይሁንልን። አጎታችን ቅር ይላቸው ይሆናል፤ በስልክ እኔው ራሴ አስረዳቸዋለሁ፤ አንቺ ከእርሳቸው ጋር አትነጋገሪበት።

ሲንጀሯንም ገዢ እንደ መጣላት እማዬ ነግራኛለች። አባባ ሙያውን ያስተማሩት የጎረቤታችን ልጅ እየተከራየ ይሠራ የለም ወይ? እናንተ ከተስማማችሁ ለእርሱ ትሰጠው፤ ዋጋዋን እኔ ለእማዬ እልካለሁ። የተማሪዎቹን ቁጥር መሪጌታን ጠይቀሽ፣ የጋቢውንም ዋጋ ከገበያ አጣርተሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ብሩን በወሩ መጨረሻ በባንክ አደርሳለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቶቻችንንና የእድሩን ሰዎች ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምሽ