የሽያጭ ኮምፒውተሮቻችሁን ለምን እንደወሰድን
ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ደረሰኝና ክፍያ በአንድ ጊዜ እያቆሙ ያስቸገሩ ኮምፒውተሮቻችሁን ከየሱቃችሁ አንስተን ቱሉ ዲምቱ ወደሚገኘው የጥገና ክፍላችን በመውሰዳችን ብዙዎቻችሁ አዝናችሁብናል። የበዓል ገበያ ሊደራ ሲል ሥራችሁ ስለተጓጎለ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ጠፍቶ ሲበራ የሚሠራን ማሽን ለምን ትወስዳላችሁ?» ላላችሁን ግን መልስ አለን።

ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ የሚሠራው ችግሩ ስለተፈታ አይደለም። ሚዛኑና የደረሰኝ ማተሚያው የሚሰኩበት ካርድ ክፍያ ከሚያልፍበት የኔትወርክ ካርድ ጋር አንድ የኢንተራፕት መስመር ይጋራል። ኢንተራፕት አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን «የያዝከውን አቁመህ እኔን ስማኝ» የሚልበት ምልክት ነው። ምልክቱ ሲመጣ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን የሚመራው ሶፍትዌር እምብርት፣ በመስመሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች የሚያዙትን ፕሮግራሞች (ድራይቨሮች) «የአንተ ነው?» እያለ ይጠይቃል። የእኛ ካርድ ድራይቨር አንደኛውን ወደብ (የገመድ መሰኪያ) ብቻ አይቶ «የእኔ አይደለም» ይላል፤ የሚጣራው ግን ሁለተኛው ወደብ ነው። ሰሚ ያጣው ምልክት በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ማንኳኳቱን አያቆምም። ከ100,000 ምልክቶች ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ባለቤት ሲያጡ ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ ምንም ያላጠፋው የኔትወርክ ካርድም አብሮ ይታፈናል። ደረሰኝም ክፍያም በአንድ ጊዜ የቆመባችሁ ለዚህ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ መስመሩ እንደገና ይከፈታል፤ ስህተቱ ግን እዚያው ነው።

መስመሩ ሲዘጋ ከርነሉ መሣሪያዎቹን በየጊዜው እየዞረ እንዲጠይቅ ማዘዝ ይቻል ነበር። ያ ግን ማሽኑን ያዘገየዋል እንጂ ስህተቱን አይነካውም። አዲስ ካርድ ሸጠንላችሁ መገላገልም እንችል ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደከበደ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በኪራይ ኮንቴይነር ውስጥ ስንጀምር አምናችሁ የገዛችሁንን ሰዎች እንዲህ ያለ ወጪ ውስጥ መክተት አልሆነልንም።

ስለዚህ ድራይቨሩን አርመን ሁለቱንም ወደቦች እንዲመለከት አደረግነው። እርማቱን በኔትወርክ ያልላክነው የታረመውን ድራይቨር የያዘው አዲሱ ከርነል ባይነሳ ባዶ ሱቅ ይዛችሁ እንዳትቀሩ ብለን ነው። የወሰድነውን እያንዳንዱን ማሽን ሚዛኑ፣ ማተሚያውና ኔትወርኩ በአንድነት እየሠሩ ፈትነናል። ዋጋ አልጠየቅንም፤ የባለሙያዎቻችንን የሌሊት ሥራ የከፈልነው ከራሳችን ነው።

ወደ ሌላ ድርጅት ለመሄድ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። እባካችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት የታረመውን ማሽን በአንድ ሙሉ የገበያ ቀን ፈትኑት። ማሽናቸውን ገና ያልሰጡን ደንበኞች ሱቅ ሲዘጉ ይደውሉልን፤ መጥተን እንወስዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት